ጠመንጃና ጎራዴ በታንክ ፊት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ በ1928 ዓ.ም. በትግራይ ደምበጉና በተባለው መተላለፊያ ላይ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ታንኮች በጠመንጃና በጎራዴ ድል አደረገ ይባላል። ጥይት የማይበሳው ብረት በጎራዴ እንዴት ይሸነፋል? ተጋኖ ይሆን?

መልስ፦ ድሉ እውነት ነው፤ በጎራዴ የተቆረጠ ብረት ግን የለም። ታኅሣሥ 5 ቀን፣ ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ቀዳሚ ጦር በፊታውራሪ ሽፈራው አዝማችነት ሻለቃ ክሪኒቲ የሚመራውን ጦር ገጠመ። ክሪኒቲ ከኤርትራውያን ወታደሮች ሌላ ዘጠኝ ታንኮች ነበሩት።

ሲቪ 33 የሚባለው ያ ታንክ ሁለት ሰው ይይዛል፤ የፊት ብረቱ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ምንሽርና ውጅግራ የሚባሉት የዘመኑ ጠመንጃዎች ጥይት አይበሳውም። የሚዞር ማማ ግን የለውም። መትረየሱ ፊቱ ላይ ስለተተከለ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው በጥቂቱ ብቻ ነው። ጎኑ የቆመን ሰው ለመምታት ታንኩ ራሱ መዞር አለበት፤ ቋጥኝና ገደል ባጠበበው መንገድ ደግሞ መዞሪያ አይገኝም። ክዳኑ ከተዘጋ ውስጥ ያሉት የሚያዩት በቀጭን ስንጥቅ ነው።

በእንዲህ ያለ ውጊያ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አጃቢው እግረኛ በተኩስ ከታንኩ ይነጠላል፤ ያን ጊዜ ታንከኛው ከጎኑ ማን እንደመጣበት የሚነግረው ያጣል። መንገዱ በድንጋይ ሲዘጋ ወይም ሰንሰለቱ ሲወልቅ ታንኩ ይቆማል፤ ሰው ከጎንና ከኋላ ይደርስበታል። ጎራዴ ሥራ የሚያገኘው ክዳኑ ሲከፈት ነው። በደምበጉና ሊያመልጡ ሲሉ የተገለበጡ ታንኮች ነበሩ፤ የተቃጠሉም ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ታንኩ ላይ ዘሎ መውጣቱ አይመስለንም፤ ከዚያ በፊት መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ተኝቶ መጠበቁ ነው። በ300 ሜትር ላይ ያለጊዜዋ የተተኮሰች አንዲት ጥይት ሁሉን ታበላሻለች፤ ታንኩ አይጠጋም፣ እዚያው ቆሞ ሸንተረሩን በመትረየስ ያጭደዋል። ከተጠጋም በኋላ ደንግጦ የሚሸሽ ሰው ከጎኑ ወጥቶ አፈሙዙ ፊት ይገባል። አንዱ ታንክ ላይ ተሰብስቦ መውጣትም ያስፈጃል፤ የመትረየስ ጥይት ብረቱን ስለማይጎዳው ሁለተኛው ታንክ በጓደኛው ጀርባ ላይ ሳይሳሳ ይተኩሳል።

ይህ ሁሉ መከለያ በሌለበት ሜዳ አይሠራም። እዚያ ያው ሰው፣ በዚያው ድፍረት፣ ሳይደርስ ይወድቃል። ይህን ሳያነሡ ጀግንነቱን ብቻ ማወደስ የወደቁትን መበደል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድሉ ለምን አልቀጠለም?

መልስ፦ አንዱ ከባድ ምክንያት ከአየር መጣ። ታኅሣሥ 13 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ቁስሉ የሚወጣው ሰዓታት ቆይቶ ነው፣ ሣርና አፈር ላይም ይሰነብታል። ባዶ እግሩን ለሚዘምት ሠራዊት መከላከያ አልነበረም።

ጥያቄ፦ የጣሊያን ታንክ ትንሽ ስለነበር ነው እንጂ ዛሬ እንዲህ ያለ ድፍረት ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ትንሽነቱ ልክ ነው፤ ከሦስት ቶን ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ ቁመቱም 1.28 ሜትር ብቻ። የዛሬው ዋና ታንክ ከ40 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ማማውም ዙሪያውን ይዞራል። በጠመንጃ የሚገኘው ውጤት አጃቢውን መነጠልና አዛዡ አንገቱን አስግጎ እንዳያይ ክዳኑን ማስዘጋት ነው። ብረቱን ለመብሳት በትከሻ ተይዞ የሚተኮሰው ፀረ ታንክ መሣሪያ፣ አርፒጂ፣ መጣ። አርፒጂ 7 በሚንቀሳቀስ ታንክ ላይ የሚታመነው እስከ 300 ሜትር ድረስ ነው፤ ሲተኮስ ከኋላው የሚወጣው እሳትና አቧራም የተኳሹን ቦታ ወዲያው ያጋልጣል። ስለዚህ ተኳሹ እንደ ደምበጉና ሰዎች ታንኩ እስኪቀርብ ድረስ መታገሥ አለበት፤ ተኩሶ ከሳተ ሁለተኛውን ጥይት እስኪያጎርስ ታንኩ ይደርስበታል።