ኮሌጅ ሶፍትቦል የምትጫወት ልጅ በበጋው ትጫወት ወይስ ትረፍ?

እህታችን ያነሱት ጥያቄ በእኛ ቤት በጋ በመጣ ቁጥር ራት ላይ ሲያከራክረን የኖረ ስለሆነ አንብቤ ማለፍ አልሆነልኝም። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ልጃቸው እዚህ አሜሪካ የኮሌጅ አንደኛ ዓመቷን የሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል የሴቶች ጨዋታ) ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ሆና ጨርሳ ወደ ቤት ተመልሳለች። የቀድሞ የክለብ አሠልጣኟ በበጋው ውድድሮች እንድትሰለፍለት ይፈልጋል። አባቷ «ከቆመች ትደነዝዛለች፣ ትጫወት» ይላሉ። ልጅቷ ራሷ «እንጃ» ከማለት አላለፈችም። እናት ደግሞ መሐል ገብተው ማንን ልስማ ይላሉ።

እኔ በዚህ ስፖርት ሁለት ሴቶች ልጆች ያሳደግሁ አባት ነኝ። ታላቋ ፒቸር ነበረች፤ ታናሿ ሁለተኛ ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው ማዕዘናት አንዱ) ላይ ትቆማለች። ሁለቱም የገቡት በሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ከኮሌጅ ስፖርት እርከኖች ዝቅ ባለው፣ ወደሚጫወቱ ትንንሽ ኮሌጆች ነው፤ በዚያ ደረጃ የስፖርት ስኮላርሺፕ ስለማይሰጥ ኳሱ የትምህርት ክፍያችንን አልቀነሰልንም። ሐኪም አይደለሁም፣ አሠልጣኝም ሆኜ አላውቅም። ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ የልጁን ኳስ በጓንት ሲቀበል ካረጀው የአባቶች ወገን ነኝ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ልጅዎ በጸደዩ ብዙ ከወረወረች በበጋው አትሰለፍ፤ ኳሱን ታስቀምጥ። አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ከከረመች ግን ትጫወት፣ ያውም በደንብ። «የኮሌጅ ልጆች በበጋ ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ» ተብሎ በጅምላ ሲጠየቅ መልሱ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከአንድ ቡድን የወጡ ሁለት ልጆች ተቃራኒ መልስ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

እስቲ የዓመቱን ሸክም ይደምሩት። ውድድሩ የሚከፈተው ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ በፌብሩዋሪ ነው። በአንደኛ ዲቪዚዮን አንድ ቡድን ከማጣሪያው በፊት እስከ 56 ጨዋታ ማድረግ ይፈቀድለታል። በትንንሾቹ ኮሌጆች ቁጥሩ ያንሳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ስለሚደረግና ፒቸሮቹም ጥቂት ስለሆኑ በአንዷ ክንድ ላይ የሚያርፈው ሸክም ያን ያህል አይቀንስም። ከዚያ በፊት የመኸሩ ልምምድ ነበር። ከመኸሩ በፊት ደግሞ የክለቡ በጋ፤ አብዛኞቹ አዲስ ገቢዎች ከመጨረሻው የክለብ ውድድር ሻንጣቸውን እንኳን በወጉ ሳይፈቱ ነው ወደ ኮሌጅ የሚሄዱት። እናም አሁን የምናወራለት ክንድ ሙሉ ዓመት ያላረፈ ክንድ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ወሬ ይመጣል፤ ለእኔም በየሜዳው ዳር ተነግሮኛል። «የሶፍትቦል አወራወር ከታች ስለሆነ ተፈጥሯዊ ነው፤ እንደ ቤዝቦል ክንድ አይጎዳም» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት የፒቸሮችን ጡንቻ በመሣሪያ ለክቶ ነበር። ከላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ከራስ በላይ ከሚወረወረው ኳስ ይልቅ ክንድ ዙሪያውን በሚሽከረከርበት በዚህ አወራወር የበለጠ እንደሚሠራ አገኘ፤ ከፍተኛው ጫናም ኳሱ ከእጅ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ፒቸሮች ትከሻቸውን ከፊት በኩል ይዘው «እዚህ ጋ» የሚሉት አለምክንያት አይደለም። በዚህ ሁሉ ላይ በኮሌጅ ሶፍትቦል አንዲት ፒቸር በቀን ስንት ኳስ መወርወር እንደምትችል የሚገድብ ደንብ የለም። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ በተከታታይ ብትወረውር የሚያስቆማት የአሠልጣኟ ኅሊና ብቻ ነው።

የእኔ ታላቅ ልጅ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ስትመጣ «ደህና ነኝ» ነበር መልሷ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከመስታወቱ ፊት ቆማ ፀጉሯን ከኋላ ለማሰር ቀኝ እጇን ማንሳት አቅቷት፣ አንገቷን ወደ እጇ ስታጎነብስ እናቷ አየቻት። ክንዷን ወደ ጭንቅላቷ በመውሰድ ፈንታ ጭንቅላቷን ወደ ክንዷ ትወስዳለች! ሹሩባ ልትሠራት የቆመችው እናቷ ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች፤ የዚያ በጋ ክርክር በዚያው ተዘጋ። ስለዚህ ለልጅዎ «ያምሻል ወይ» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ ተጫዋች ሆና «አዎ» የምትል የለችም። ካፖርት ስትደርብ፣ ከከፍተኛ መደርደሪያ ሳህን ስታወርድ፣ መኪና ውስጥ ቀበቶ ስትስብ ይመልከቷት።

በ2025ቱ የኮሌጆች የፍጻሜ ውድድር ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የሆነውን ሳታዩ አትቀሩም። ፒቸሯ ኒጃሪ ካናዲ ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲን እስከ ፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ ስታደርስ የቡድኗን እያንዳንዱን ኳስ የወረወረችው እርሷ ብቻ ነበረች። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል የነበራት፣ በአገሪቱ ከነበሩት ምርጦች አንዷ ነበረች። በመጨረሻው ጨዋታ ግን ከመጀመሪያው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) በኋላ ወጣች፤ ዋንጫውንም የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ምክንያቱ ድካም ብቻ ነው አልልም፤ ተጋጣሚዎቿ በተከታታይ ያዩዋት ኳሷን ለምደውት ይሆናል። ሆኖም እንዲህ ዓይነት ወር ካለፈ በኋላ «በሚቀጥለው ሳምንት የክለብ ውድድር አለ» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ።

አባቶች «የቤዝቦሎቹ ወንዶች በጋውን ሙሉ ይጫወቱ የለም እንዴ» ይላሉ። እውነት ነው፤ በማሳቹሴትስ የኬፕ ኮድ ሊግ የኮሌጅ ቤዝቦል ተጫዋቾች በየበጋው በእንጨት ባት (ኳስ መምቻ ዱላ) ይጫወታሉ፤ የፕሮፌሽናል ክለቦች መልማዮች ቁጭ ብለው ይመለከቷቸዋል። ለዚያ ልጅ በጋው የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። ኮሌጁ ውስጥ የሚመታበት ባት የብረት ስለሆነ በእንጨት ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ሌላ ጊዜ የለውም። በሶፍትቦል ያ ምክንያት የለም። አሁን አሁን ለኮሌጅ ሴቶች የተዘጋጁ የበጋ ሊጎች እዚህም እዚያም አሉ፤ ከ2025 ጀምሮም የአትሌትስ አንሊሚትድ የሶፍትቦል ሊግ የፕሮፌሽናል ጨዋታውን በጋ ላይ አድርጎታል። ይህ የፕሮፌሽናል ሊግ ግን ኮሌጅ ለጨረሱት ነው። አንደኛ ዓመቷን የጨረሰች ልጅ በጁላይ ሙቀት ሜዳ ላይ ስትውል ቆሞ የሚመለምላት የለም፤ ቀድሞውኑ ተመልምላለች።

ታናሿ ልጄ ጋ ስንመጣ ጉዳዩ ይገለበጣል። አንደኛ ዓመቷን ከእርሷ የሚበልጡ ልጆች ስለነበሩ በአብዛኛው አጥር ተደግፋ እያጨበጨበች ነው ያሳለፈችው። ልምምድ ላይ ትመታለች፤ ነገር ግን ልምምድና ጨዋታ አይገናኙም። ፒቸሯ የምትቆመው በ13 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው፤ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ኳስ መምታት አለመምታትን ለመወሰን ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይሰጥም። ኳስ የሚተፋው ማሽን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስለሚልክ ዓይንን ያታልላል። የፒቸሯን ትከሻና የእጅ አንጓ አይቶ የሚመጣውን መገመት የሚለመደው ከሰው ፊት በመቆም ብቻ ነው። ስለዚህ ታናሿ በበጋ ሊግ ተጫወተች፤ እንደ ልቧ መታች፣ ሳተች፣ ያለፍርሃት ተንሸራተተች። መኸር ላይ ስትመለስ የተለወጠው ጉልበቷ ሳይሆን ባቱን ይዛ ስትቆም ያለው መረጋጋቷ ነበር። ለእርሷ ዕረፍት ቢሰጣት ኖሮ ከምን ነበር የምታርፈው?

ወደ እርስዎ ልጅ ልመለስ። የክለብ አሠልጣኙ መጥፎ ሰው ነው አልልም፤ ልጅቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ነገር ግን በጋ ላይ የሚፈልገው ነገር አለው፤ የእሑዱን ከሰዓት ጨዋታ የሚያሸንፍለት ፒቸር። የእርስዎ ጥያቄ አጭር ይሁን፦ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ስንት ኢኒንግ ትወረውራለች? «እናያለን» ካለ መልሱን አግኝተዋል። ለመምታት ብቻ ትሰለፍልኝ ካለና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከሆነ፣ የዕድሜ ገደቡም ከፈቀደላት፣ አንድ ሁለት ውድድር አይጎዳትም። የኮሌጅ አሠልጣኟም ወቅቱ ሲያልቅ የበጋ መርሐ ግብር የተጻፈበት ወረቀት ሳትሰጣት አትቀርም። ከክለቡ ግብዣ በፊት ያንን ወረቀት ያንብቡት።

ለባለቤትዎ ደግሞ እንደ አባት ለአባት አንድ ነገር እላለሁ፤ ሴቶቹ ይለፉት። ወንድሜ፣ ከስንት ዓመት በኋላ በበጋ ቅዳሜ ጠዋት ተጣጣፊ ወንበርና የበረዶ ሣጥን መኪና ላይ የማይጫንበት ቤት ጭር ይላል፤ አውቀዋለሁ። የሚናፍቀን የእርሷ ጨዋታ ነው ወይስ የእኛ ወንበር የሚለውን ለየብቻችን እንየው። እኔ በክለቡ ዘመን የጁላይ 4 ውድድር እየተደረበብኝ የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሲያልፈኝ ኖሯል። ልጄ ማረፍ ስትጀምር ነው ጓደኞቼን በአካል ያገኘሁት፤ ግማሾቹን በመሸበታቸው ለመለየት ተቸግሬ ነበር።

ዕረፍት ስል ሶፋ ላይ መተኛት ማለቴ አይደለም። ታላቋ የተከተለችው በኮሌጁ የጤና ባለሙያ የተሰጣትን ነው። መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት ኳስ የሚባል አትነካም። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ሄደች፤ ዝናቡ ከቤት ባያስወጣም በዚያ ከፍታ ደረጃ መውጣቱ ብቻ ሳንባዋን ሲያሠራው ከረመ። አያትየው ኳሱን በፎቶ አይተው «ይህን ድንጋይ ነው የምትወረውሪው?» ብለው እስከ ዛሬ ይገረማሉ። ስትመለስ እግር፣ ዳሌ፣ ወገብና የትከሻ ኋላ የሚያጠነክር ሥራ ጀመረች፤ የፒቸር ፍጥነት የሚነሳው ከእግር ነውና። ውርወራውን የጀመረችው ከቅርብ፣ በአንጓ ብቻ ነው። ርቀቱን በየሳምንቱ እየጨመረች ኦገስት ላይ ወደ ሙሉው ደረሰች። እኔ ባልዲዬ ላይ ሆኜ ልዩነቱን በቅልጥሜ ነው ያወቅሁት። በድካሟ ጊዜ ወደ ላይ መነሳት ያለበት ኳስ ሳይነሳ ይቀርና መሬት ነጥሮ እግሬን ያገኘኝ ነበር። ከዕረፍቱ በኋላ ግን ጓንቴን አገጬ ሥር ነበር የምይዘው። አልደነዘዘችም።

በዚህ ላይ ወላጆቻችን ሳይጠየቁ የሚያነሱት የትምህርቱ ነገር አለ፤ ልክ ናቸው። ነርሲንግ ወይም ባዮሎጂ የምታጠና ልጅ በጸደይ የላብራቶሪ ሰዓቷ ከጉዞ ጋር ይጋጭባታል። አንድ ከባድ ኮርስ በበጋ በአቅራቢያ ባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መውሰድ ለመጪው ጸደይ ትንፋሽ ይሰጣታል፤ ክሬዲቱ እንደሚያዝላት ከመመዝገቧ በፊት ኮሌጇን በጽሑፍ ትጠይቅ። ገንዘብም ከፈለገች ለሠፈሩ ትንንሽ ልጆች በሰዓት እየተከፈላት አወራወር ብታስተምር ደንቡ ይፈቅድላታል፤ ኮሌጁን ግን አስቀድማ ታሳውቅ። የእኔዋ ስታስተምር የራሷን አወራወር በቃላት ለማስረዳት ስለተገደደች ለራሷም ጠቅሟታል። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ «ለምንድን ነው እግርሽን እንዲህ የምትጎትቺው?» ብትላት መልስ ለመፈለግ ሁለት ቀን ቪዲዮ ስታይ ከረመች።

በመጨረሻ ለመጫወት ከወሰናችሁ ሳትጠይቁ ቅጽ እንዳትፈርም። በየኮሌጁ የስፖርት ክፍል ደንብ የሚከታተል ቢሮ አለ። ከአንድ ኮሌጅ ስንት ተጫዋቾች በአንድ የውጭ ቡድን አብረው መሰለፍ እንደሚችሉ ገደብ ስላለ፣ የጓደኞቿ ቁጥር ከዚያ አልፎ እንደሆነ እነርሱ ይነግሯታል። የኢንሹራንሱንም ነገር እዚያው ጠይቁ። የኮሌጁ የስፖርት መድን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው በኮሌጁ ልምምድና ጨዋታ ላይ የደረሰን ጉዳት ነው፤ በክለብ ማልያ ጉልበቷ ቢዞርባት የኤምአርአይ ሂሳቡ ወደ እናንተ የቤተሰብ ኢንሹራንስ ነው የሚመጣው። የእናንተ ኢንሹራንስ ከምትኖሩበት ስቴት ውጭ ባለ ሆስፒታል ይሠራ እንደሆነ፣ በቅድሚያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ስንት እንደሆነ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ውድድሮቹ የሚደረጉት በሌላ ስቴት ከሆነ በተለይ።