የጋለ ብረት ሞዴል መሥራት ለምትፈልገው ጠያቂያችን

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ምሩቅ ነኝ። የብረት ቅይጦች ሲግሉ ቅርፃቸው እንዴት እንደሚለወጥ በሞዴል ማስላት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ላቦራቶሪ የለኝም። ከማስመሰያ ሶፍትዌሮቹ አባኩስን ልማር ወይስ ዲፎርምን?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ለጊዜው ይቆዩልሽ። ሶፍትዌር የሚያሰላው በተሰጠው የቁስ ባሕርይ ነው፤ ያንን ባሕርይ ከፍተሻ ውጤት አውጥቶ በቀመር የሚያስቀምጥ ሰው ግን ብዙ አይገኝም። ይህ ደግሞ ያለ ላቦራቶሪም ይጀመራል።

አንድ ቅይጥ ያዢ፤ 6061 አሉሚኒየም ይበቃል። በነፃ ከሚነበቡ ጥናቶች ከ300 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሰከንድ ከ0.001 እስከ 10 በሆነ የስትሬን (የቅርፅ ለውጥ መጠን) ፍጥነት የተሠራ የመጭመቅ ፍተሻ ፈልጊ። ናሙናው ብዙ ጊዜ ዲያሜትሩ 10፣ ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ነው። የስትረስ (በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል) ግራፎቹን ነጥብ በነጥብ ወደ ቁጥር ለውጪና ስትረስን ከሙቀትና ከስትሬን ፍጥነት ጋር ከሚያያይዘው ከአሬኒየስ የሳይን ሃይፐርቦሊክ ቀመር ጋር በፓይተን አዛምጂያቸው።

ሙቀቱ በኬልቪን ይሁን፤ በሴልሺየስ ከተውሽው አክቲቬሽን ኢነርጂው (ቅርፁ እንዲለወጥ መታለፍ ያለበት የኃይል እንቅፋት) የትክክለኛውን ሲሶ ያህል ብቻ ሆኖ ይወጣል። ተፈጥሯዊውን ሎጋሪዝም ከአስር መሠረቱ ጋር ማደባለቅም 2.3 እጥፍ ያሳስታል። ለማመሳከሪያ፣ አሉሚኒየም በራሱ ውስጥ ለሚያደርገው የአቶም ጉዞ በሞል 142 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። 50 ካወጣሽ መጀመሪያ ስሌትሽን ጠርጥሪ።

ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሲሆን 0.7 ስትሬን በ0.07 ሰከንድ ያልቃል፤ በመጨመቁ የሚፈጠረው ሙቀት መውጫ አያገኝም። በ80 ሜጋፓስካል ስትረስ ናሙናው 20 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ የስትረሱ ኩርባም ያለ አግባብ ዝቅ ይላል። ሰበቃ በበኩሉ የናሙናውን ሆድ እንደ በርሜል ያስነፋና ስትረሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጥናቱ ሁለቱን ማረሙን ሳታረጋግጪ ቁጥሩን አትውሰጂ።

ከዚያ የ450 ዲግሪውን መረጃ ሙሉ በሙሉ ደብቂና ሞዴሉ ይተንብየው። ኮሪሌሽኑ (የተተነበየውና የተለካው አብረው የሚሄዱበት መጠን) 0.99 ሆነ ብለሽ አትደሰቺ፤ ሁሉንም ስትረስ 10 ከመቶ አስበልጦ የሚተነብይ ሞዴልም ያንኑ ያመጣል። አማካይ የስህተት መቶኛውን አስዪ።

አባኩስ የሚመጣው አሁን ነው፦ ሲሊንደሩን በሞዴልሽ ጨምቂና የኃይል ኩርባውን ከተለካው ጋር አስተያዪ።

ማመልከቻ ላይ ግን ፎርጂንግን (የጋለ ብረትን በኃይል ቅርፅ ማስያዝ) እና ክሪፕን (በጭነት ስር ቀስ በቀስ መለጠጥ) አታደባልቂ። አንዱ በሰከንዶች ያልቃል፣ ሌላው በተርባይን ምላጭ ላይ ሺህ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቀመሩም ቀጣሪውም ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ፕሮፌሰር ስትጽፊ ኮዱንና የ450ውን ግራፍ አያይዢ፤ የሳተበት ቦታ ካለ ለምን እንደሳተ በሁለት መስመር ጻፊበት።