ድንጋጤ፣ ጭንቀትና ፅንስ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ነፍሰ ጡር ስትደነግጥ ወይም ስትጨነቅ ፅንሱ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የአምስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ትናንት መኪና ሊገጨኝ ለጥቂት ተረፍኩ። እስካሁን አልተረጋጋሁም። ልጄን ጎድቼው ይሆን?

መልስ፦ እንኳን ተረፍሽ እህቴ! በመደንገጥሽ ልጅሽን አልጎዳሽውም። ከኩላሊቶችሽ በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን ረጩ፣ ልብሽ ፈጠነ፣ አፍሽ ደረቀ፣ እጅሽ ተንቀጠቀጠ። እሱ ቶሎ ይበርዳል። ከእነዚሁ ዕጢዎች የሚወጣው ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ከዚያ ይወርዳል። ሰውነት ይህን ይችለዋል። ደም ካየሽ ወይም ሆድሽን ካመመሽ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ፎሊክ አሲድ ካልጀመርሽም ዛሬ ጀምሪ፤ ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ኮርቲሶሉ ወደ ፅንሱ አያልፍም እንዴ?

መልስ፦ ጥቂቱ ያልፋል። እንግዴ ልጅ ግን ያገኘውን ሁሉ ዝም ብሎ አያሳልፍም። አንድ ኢንዛይም አለው፣ ኮርቲሶልን ኮርቲዞን ወደሚባል ሥራ የማይሠራ ነገር ይለውጠዋል፤ ስለዚህ የእናትየው ኮርቲሶል አብዛኛው እዚያው ይመክናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትማ የእናት ደም ገና በሙሉ ኃይሉ ወደ እንግዴ ልጁ አይፈስም፣ ፅንሱ በአብዛኛው የሚመገበው ከማህፀን ዕጢዎች በሚወጣ ፈሳሽ ነው። በጣም የምወደው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለደረሰች እናት ሐኪሞች ዴክሳሜታዞን የሚባል ኮርቲሶልን የመሰለ መድኃኒት የሚወጉት ኢንዛይሙ እሱን በደንብ ስለማያመክነው ነው። አልፎ ገብቶ የልጁን ሳንባ ያበስላል። ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች የዚህን ዓይነት መድኃኒት ጥቅም በእናቶች ላይ አሳይተው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ጥያቄ፦ አማቴ ለሚስቴ መርዶ አይነገራት፣ ከደነገጠች ልጁ ጎደሎ ሆኖ ይወለዳል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ነፍሰ ጡርን ከመርዶ መከለል ደግነት ነው፣ አማትህን አትከራከራቸው። ድንጋጤ ግን የልጅ አካል አያጎድልም። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ከመጨረሻው የወር አበባ ሲቆጠር ስድስት ሳምንት መሆኑ ነው፤ ብዙ ሴት ያኔ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ ይችላል። በአገራችን ይህ ችግር ብዙ ነው። ከታወቁት ምክንያቶች ዋናው የፎሊክ አሲድ እጥረት ነው፤ ያልተስተካከለ ስኳር በሽታና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም አሉበት (መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ!)። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዝ በፊት ቢያንስ ከአንድ ወር ጀምሮ። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደችን እናት "ደንግጠሽ ነው" ማለት ግፍ ነው፣ እባካችሁ ተዉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጭንቀት ምንም አያደርግም ማለት ነው?

መልስ፦ እንደሱ አላልኩም። የአንድ ቀን ድንጋጤ ሌላ፣ ለወራት የማይለቅ ጭንቀት ሌላ። ድብደባ ያለበት ቤት፣ ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ረሃብ፣ እነዚህ ያለጊዜ ከመውለድና ክብደቱ ዝቅ ያለ ልጅ ከመውለድ ጋር ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በኔዘርላንድስ በጦርነቱ ረሃብ ገብቶ ነበር። በእርግዝናቸው መጨረሻ የተራቡ እናቶች ትንንሽ ልጆች ወለዱ፤ በረሃቡ መሀል የተፀነሱት ደግሞ ሲወለዱ ደህና መስለው ጎልማሳ ሲሆኑ የልብ በሽታ በዛባቸው። እዚያ ረሃቡንና ጭንቀቱን መለየት ይከብዳል፣ እሱን ልብ በሉ። ለእንደዚህ ያለች ሴት "አትጨነቂ" ማለት ምንም አይረዳትም። የምትበላው፣ የምትተኛበት ሰላም ያለው ቦታ፣ የክትትል ቀኗን የሚያስታውስና አብሯት የሚሄድ ሰው ነው የሚያስፈልጋት።

ጥያቄ፦ ልጁ የራሱ አድሬናል ዕጢ መቼ ይኖረዋል?

መልስ፦ በጣም ቀደም ብሎ፣ በሁለተኛው ወር ውስጥ መሠራት ይጀምራል። ሊወለድ ሲቃረብ የራሱ ኮርቲሶል ይጨምርና ሳንባውን ለአየር ያዘጋጃል።