የእንግሊዝን ሕግ ለምትማሩ የቢዝነስ ልጆች

ልጆቼ፣ ለንደን ውስጥ የትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ ስሠራ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ከዘመድ ልጆች አንዱ ይደውልና "ጋሼ፣ እኛ ቢዝነስ ነው የምንማረው፤ ይሄ የሕግ ኮርስ ምን ያደርግልናል?" ይለኛል። ዘንድሮ ሳትደውሉ ልቅደማችሁ።

እኛ አገር ሕግ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን መጽሐፉ ነው። ፍትሐ ብሔሩን ትገልጣለህ፣ ቁጥሩን ታገኛለህ፣ አለቀ። እኔም እዚህ ማታ ስማር፣ ገና በመጀመሪያው ቀን መምህሯን "የውል ሕጋችሁ መጽሐፍ የቱ ነው?" ብያት ሳቀችብኝ። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ የላቸውም። ፓርላማው ያወጣቸው ሕጎች ሞልተዋል፤ የ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ ብቻውን 1,300 አንቀጽ አለው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የውል ሕጉ መሠረት ግን ዳኞች በሰዎች ጠብ ላይ የሰጡት ውሳኔ ነው፤ የበላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን የበታቹ ይከተላል። ስለዚህ ደንቡን ከመሸምደዳችሁ በፊት ጠቡን አንብቡት።

የወይዘሮ ካርሊልን ተመልከቱ። 1891 ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ አገሩን ይዞታል። አንድ ኩባንያ በሽታውን ይከላከላል እያለ በአፍንጫ የሚሳብ የጭስ ኳስ ይሸጣል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ለታመመ ሰው 100 ፓውንድ እከፍላለሁ፣ ለዚህም 1,000 ፓውንድ ባንክ አስቀምጫለሁ ብሎ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ሴትዮዋ ገዛች፣ እንደታዘዘው ተጠቀመች፣ ታመመች። ብሩን አምጡ ስትል "ማስታወቂያ እኮ ነው፣ ማን የምሩን ይወስደዋል" አሏት። ዳኞቹ ግን ባንክ ያስቀመጣችሁት ገንዘብማ የምራችሁን መሆኑን ያሳያል ብለው ፈረዱላት። ማርኬቲንግ የምትማሩ፣ ይቺን ሁለቴ አንብቧት።

"ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" እየተባለ ላደገ ሰው ደግሞ የሚከብደው ኮንሲደሬሽን የሚሉት ነገር ነው። ሰጥቶ መቀበል በሉት። አጎትህ "ሱቁን ስትከፍት አምስት ሺህ ፓውንድ እሰጥሃለሁ" ቢልህና በምላሹ ምንም ካልጠየቀህ፣ ቃሉን ቢያጥፍ ፍርድ ቤት አያስከፍልልህም፤ ዲድ በሚባለው፣ በምስክር ፊት በሚፈረም ልዩ ሰነድ ካላደረገው በቀር። የምትሰጠው ነገር ግን ትንሽ ቢሆንም ግድ የላቸውም። ኔስሌ በአንድ ወቅት ሦስት የቸኮሌት መጠቅለያ ከትንሽ ገንዘብ ጋር ለላከ ሰው የሙዚቃ ሸክላ ይሰጥ ነበር፤ መጠቅለያዎቹን ይጥላቸዋል፣ ቢሆንም የዋጋው አካል ናቸው ተባለ። እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ ይሄን ሕግ አልወደድኩትም።

የፍርድ ቤቱን መሰላል ቶሎ ታጠኑታላችሁ። ለነጋዴ የሚጠቅመው እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ የገንዘብ ክርክር ስሞል ክሌምስ በሚሉት የአነስተኛ ክርክሮች መንገድ፣ ያለ ጠበቃም የሚታይ መሆኑ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት፤ "የብሪታኒያ ሕግ" ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ሳሎሞንን ግን አትዝለሉ። ጫማ ሠሪ ነው። ሱቁን ኩባንያ አደረገው፣ ባለድርሻዎቹ እሱ፣ ሚስቱና አምስት ልጆቹ። ኩባንያው ሲከስር አበዳሪዎቹ "ኩባንያ ማለት ራሱ ሰውዬው ነው" ብለው መጡ። የበታች ፍርድ ቤቶቹ ተስማሙ፤ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ግን ኩባንያው ሌላ፣ ሰውዬው ሌላ፣ የኩባንያው ዕዳም የሰውዬው ዕዳ አይደለም አለ።

ይቺን አንብቤ ነው እኔም የተዘናጋሁት። ከጓደኛዬ ጋር ኩባንያ አቋቁመን ካፌ ተከራየን። አከራዩ ከኪራይ ውሉ ኋላ አንድ ገጽ ጨመረ፤ ኩባንያው መክፈል ካቃተው እኔ በግሌ እንደምከፍል የሚል። ቁልፉን ለመቀበል ቸኩዬ፣ ቆሜ ፈረምኩ። በአስራ አራተኛው ወር ካፌው ተዘጋ፣ ደብዳቤው በስሜ ቤቴ መጣ። ሳሎሞን ሳሎሞን እያልኩ ሶሊሲተር፣ ማለትም ጠበቃ፣ ዘንድ ሄድኩ። ሴትዮዋ ገጹን አየችና፣ በዚህ አገር የሌላውን ዕዳ እከፍላለሁ ብሎ ዋስ መሆን በጽሑፍና በፊርማ ካልሆነ እንደማያስከስስ፣ ሕጉም በ1677 ወጥቶ እስከ ዛሬ እንደሚሠራ ነገረችኝ። ከዚያ ጣቷን ፊርማዬ ላይ አድርጋ "በቃልህ ብቻ ብለኸው ቢሆን ኖሮ አተርፍህ ነበር" አለችኝ።