የድሮው የቁልፍ ፋይሌ ይታመናል?

ጥያቄ፦ ሰርቨር የምገባበት የኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር የሚያገናኝ ዘዴ) ቁልፍ (ዓይነቱ አርኤስኤ ነው) ላፕቶፔ ላይ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ተቀምጧል። ከ2018 እ.ኤ.አ. በፊት የሠራሁት ነው። ጓደኛዬ «ፋይሉ ቢሰረቅ ቶሎ ይከፈታል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው። ቁልፉን የሚሠራው ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስሪት 7.8 በፊት እንዲህ ያለውን ቁልፍ በተለምዶ የሚያስቀምጠው በደካማ መንገድ ነበር። የይለፍ ቃልዎን በኤምዲ5 (ጽሑፍን ወደ ቋሚ ርዝመት ኮድ የሚለውጥ ፈጣን ስሌት) አንዴ ብቻ ፈጭቶ መቆለፊያ ያደርገዋል። በቃ! ፋይሉ እጁ የገባ ሌባ በሰከንድ ስፍር ቁጥር የሌለው ግምት ይሞክራል። አዲሱ አቀማመጥ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ የተደረገውን ቢክሪፕት የተባለ ስሌት ስለሚጠቀም እያንዳንዱን ግምት ያዘገያል። የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ይዩት፤ «OPENSSH» የሚል ካለበት አዲሱ ነው። ከሌለው አዲስ ቁልፍ ይሥሩ፤ የድሮውንም ከሰርቨሩ ያስወጡት። የይለፍ ቃሉን መቀየር ብቻ አይበቃም። እኔን የሚያሳስበኝ ባክአፕ (መጠባበቂያ) ውስጥ የተረሳው የድሮ ቅጂ ነው፤ እሱ አሁንም በድሮው የይለፍ ቃል ይከፈታል።