«ታዲያ የማንን ልጅ ነው የቀበርኩት?»

ልጆቼ፣

ሕክምና ለምትማሩት፣ ፖሊስ ሆናችሁ ምርመራ ክፍል ለተመደባችሁት ነው የምጽፈው። ጎንደር ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሐኪም ነኝ። ስለ አጽም ምርመራ ስታነሱብኝ ሁሌም «ማንነቱ እንዴት ይታወቃል?» ነው ጥያቄያችሁ። እኔ ግን አውቄያለሁ ብዬ የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። አዘዞ በኩል ለቤት መሠረት ሲቆፍሩ የቀን ሠራተኞች አጥንት አገኙ። ወደ እኔ የመጣው በማዳበሪያ ታጭቆ፣ አፉ በሲባጎ ታስሮ ነው። ስፈታው ዋልካ የተጣበቀበት ራስ ቅል፣ ረጃጅሞቹ አጥንቶች፣ ጥቂት የጎድን አጥንት፣ አንድ በረባሶ ጫማ ወጣ። የእጅና የእግር ጣቶች ግን የሉም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዋቂ ሰው 206 አጥንት አለው። ከእነዚህ 106ቱ ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት ወደ ታች ያሉት ናቸው። ከግማሽ በላይ! በአካፋ የሚቆፍር ሰው ጠጠር መስለውት ይጥላቸዋል። ጉሮሮ ላይ ያለችው ትንሽ አጥንትም አብራ ትጠፋለች። ሰው ታንቆ ሞቶ እንደሆነ አንዳንዴ ፍንጭ የምትሰጠው እሷ ናት። ስለዚህ አጥንት ተገኘ ከተባለ እናንተው ሂዱ። ማንም እንዳያነሳው አድርጉ። ፎቶ አንሱ፣ በሜትር ለኩ፣ አፈሩን በወንፊት ንፉ። ሰውየው እንዴት እንደተኛ እዩ። ክርስቲያን ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ ዞሮ ነው። በደረቱ ተደፍቶ ወይም ተጣጥፎ ከተገኘ በወግ የተቀበረ አይመስልም። ይህ ሁሉ በማዳበሪያ ተይዞ አይመጣም።

አፈሩንም እወቁት። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። አጥንት ያንቀሳቅሳል፣ ይሰብራልም። ከብዙ ዓመት በኋላ የተሰበረ አጥንት ስብራቱ ነጣ ይላል። በሞት ሰዓት የተሰበረው ግን ጠርዙ ከቀረው አጥንት ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። ይህን ያልለየ ሰው የአካፋ ምትን የገዳይ ምት ያደርገዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዳሌው የወንድ ነበር። የሴት ዳሌ ለወሊድ ሰፋ ያለ ነው፤ የዚህ ጠባብ ነው። ገና ሌላውን ሳልጨርስ ወሬው ከተማውን አዳረሰና አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው በ17 ዓመቱ ቅዳሜ ገበያ እንደሄደ ቀርቷል። ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቁመቱ ረዘም ያለ ነው፣ በረባሶ ያደርግ ነበር። ያኔ በረባሶ ያላደረገ ማን አለ? እኔ ግን ልቤ ደነገጠ። የጭን አጥንቱን ለካሁ፣ በቀመሩ አሰላሁ፣ ቁመቱ ገጠመ። ቀመሩ በአብዛኛው ከአሜሪካ ወታደሮች አጽም የተሠራ መሆኑን፣ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ወዲህና ወዲያ እንደሚል እያወቅኩ።

እማማ አንድ ነገር ጨመሩ። ልጁ በሕፃንነቱ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ነው ያሸው። ክንዱን አገላብጬ አየሁ። ምንም ምልክት የለም። «በልጅነት የተሰበረ አጥንት ሲያድግ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነት ነው፣ ሊጠፋ ይችላል። እኔ ግን እውነቱን የተጠቀምኩበት የማልፈልገውን ነገር ላለማየት ነው።

ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት «ሊሆን ይችላል» የሚል ነው። ፊቴ ላይ ያነበቡት ግን «ነው» የሚል ነበር። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶ ተነገራቸው። ድንኳን ተተከለ። አጽሙ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለተማሪዎች ላሳይ ብዬ የድሮ ፎቶዎቼን አወጣሁ። ዓይኔ አንድ አጥንት ላይ ቀረ። ከደረት ወደ ትከሻ የሚዘረጋው፣ እኛ ክላቪክል የምንለው ነው። በደረት በኩል ያለው ጫፉ ከሰውነታችን መጨረሻ ላይ ከሚገጥሙት አንዱ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው፤ እስከ 30 የሚቆይበትም አለ። ፎቶው ላይ ያለው ልስልስ ብሎ ገጥሟል። የመገጣጠሚያው መስመር እንኳን አይታይም። የ17 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ አጥንት የለውም።

ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ጥርሶቹን «ቡናማ፣ ትምባሆ?» ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ፎቶውን በመነጽር ሳየው እድፍ አይደለም። ኢናሜሉ፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ሽፋን ውስጥ የገባ ቀለም ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርስ እንዲህ ይሆናል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ብዙ ይታያል። ኢናሜል በልጅነት አንዴ ከተሠራ አይታደስም፤ ሰው የትም ቢሄድ የልጅነት ውኃውን ይዞ ይሄዳል። ሰውየው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። እናቱን እዚያ ነበር መፈለግ የነበረብን።

ልጆቼ፣ አጥንቱን አይታችሁ ሳትጨርሱ የቤተሰቡን ታሪክ አትስሙ። ጾታውን፣ ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ ጥርሱን፣ የቆየ ስብራት ካለ እሱንም ጻፉ፣ ቀን አስገቡበት፣ ፈርሙበት። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ሌላ ሰው ይጠይቅ። የቱ ጥርሱ ተነቅሎ ነበር? የቱ እጁ ተሰብሮ ነበር? ሁለቱ ወረቀቶች መጨረሻ ላይ ይገናኙ። ያለቀሰች እናት ፊታችሁ ተቀምጣ ዓይናችሁ ትክክል አያይም። የኔ አላየም።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የአጽም ባለሙያዎች አገራችን መጥተው ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር የቀይ ሽብር መቃብሮችን ከፍተዋል። በገመድ ታንቆ የተገደለ ሰው የጥጥ ልብሱ ሲበሰብስ የናይለን ገመዱ ግን አንገት ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ፍርድ ቤት የሚቀርበውም እሱ ነው። ቡድናቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 በአገራቸው ወታደሮች ተወስደው የጠፉ ወጣቶችን ለመፈለግ ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። እዚህ ቁስቋም ላይ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጽም ከነስማቸው ተቀምጧል። በቀይ ሽብር ጊዜ ከየሰፈሩ የተወሰዱት ልጆች ግን መቃብራቸው እንኳን ያልታወቀ አሉ።

አሁን ዲኤንኤ አለ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለ። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዲኤንኤ ስላለ የእናት ምራቅና አንዲት መንጋጋ ጥርስ ብዙ ይናገራሉ። ግን ምራቋን የምትሰጥ እናት መጀመሪያ መገኘት አለባት። የት እንደምትፈልጓት የሚጠቁማችሁ አጥንቱ ነው። ሁልጊዜም አንዲት መንጋጋ ለይታችሁ፣ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ አስቀምጡ። እኔ አላስቀመጥኩም።

እማማ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። አርጅተዋል። ቡና እያፈሉ ነበር። ረከቦቱን ገፋ አድርገው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ የማንን ልጅ ነው የቀበርኩት፣ ልጄ?» አሉኝ። ስለ ጥርሱ ነገርኳቸው። ያደገው ከሩቅ አገር ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው። «እናቱ ታዲያ እስካሁን በር በሩን እያየች ነው» አሉ።

ቄሱ ለፍትሐት የክርስትና ስም ይፈልጋሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ እንግዳ በእማማ ልጅ ስም ሲጸለይለት ኖሯል። መቃብሩ ላይ የልጃቸው ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ ምንም ያልተጻፈበት አዲስ ድንጋይ ገብቷል። ለምን ባዶ እንደተዉት እማማን ጠየቅኳቸው። «ዘመዶቹ ሲመጡ ይጻፉበት» አሉኝ።