ሳይስቅ የሚያስቀው በስተር ኪተን

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከጓደኞቼ ጋር እዚህ ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር በስልክ አጫጭር አስቂኝ ፊልሞችን እንቀርፃለን። በቅርቡ የበስተር ኪተንን ድምፅ አልባ ፊልሞች አይተን ተደነቅን። ሰውየው ራሱ ሳይስቅ እንዴት ያስቃል? ከእሱስ ምን እንማር? (አንባቢያችሁ ከጅማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኪተን እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ከመድረክ ተዋንያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ አባቱ ወዲያና ወዲህ በሚወረውረው ትርኢት ላይ ያደገ ሰው ነው። እሱ ፈገግ ሲል የተመልካቹ ሳቅ እንደሚቀንስ የተገነዘበውም ያኔ ነበር። ስለዚህ ኮስታራነቱ በሥራ የተገኘ የሙያ ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ጠባዩ አልነበረም።

ይሁንና በእኛ እምነት ዋናው ጥበቡ ከፊቱ ይልቅ ካሜራውን በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ውስጥ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ በላዩ ላይ ሲወድቅ፣ ኪተን የሚተርፈው ክፍት የነበረው የላይኛው መስኮት በቆመበት ቦታ ላይ በትክክል ስለሚያርፍ ብቻ ነው። በዳይሬክተርነት የተመዘገበው ቻርልስ ራይዝነር ቢሆንም፣ የትዕይንቱ አስተሳሰብ የኪተን መሆኑ አያጠራጥርም። ግድግዳውም ሰውየውም ሙሉ በሙሉ በአንድ ያልተቆረጠ ምስል ይታያሉ፤ ተቆራርጦ ቢቀርብ ኖሮ ተመልካቹ ማታለያ አለበት ብሎ በጠረጠረ፣ ሳቁም በጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 በተሠራው «ዘ ጄኔራል» ደግሞ እውነተኛ ባቡር ከሚቃጠል ድልድይ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፤ ቀጥሎ የምናየው ባቡሩ እንዲሻገር ያዘዘውን የጦር አዛዥ የደነገጠ ፊት ነው።

እናንተም ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ ተዋናዩን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አሳዩት፤ ቀልዱ እስኪያልቅም አትቁረጡ። አደጋውን ግን ፈጽሞ አትኮርጁ፤ ኪተን «ሸርሎክ ጁኒየር» ሲቀረፅ አንገቱ መሰበሩን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነበር።

«ዘ ጄኔራል» በወቅቱ ገበያ አላገኘም፤ ኪተንም እ.ኤ.አ. በ1928 ኤምጂኤም ወደተባለው የፊልም ኩባንያ ከገባ በኋላ ፊልሞቹን እንደፈቀደ የመሥራት ነፃነቱን አጣ። ፊልሞቹ እንደገና መታየት ሲጀምሩ ግን ክብሩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ከማረፉ በፊትም የክብር ኦስካር ተቀብሏል። ጃኪ ቻን ከእሱ መማሩን በግልጽ ተናግሯል፤ በቻን ፊልሞችም ዝላዩና ውድቀቱ እንደ ኪተን በሙሉ አካል ይታያል።